ሬሳ ተሸካሚዎቹ፣ ባለ ሳቁ ሰውና የተቆረጠው መጨረሻ

ስድስት ሰዎች ሱፍ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የሬሳ ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው ይጨፍራሉ። ይንበረከካሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ሣጥኑን ሳይጥሉ ተመልሰው ይነሣሉ። ቦታው ጋና ነው፤ ከአክራ በስተምሥራቅ በባሕሩ ዳርቻ ያለችው ፕራምፕራም። መሪያቸው ቤንጃሚን አይዱ ይባላል። ቢቢሲ በ2017 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሥራቸው አጭር ዘገባ ሠርቶ ነበር። አይዱ እንደሚያስረዳው፣ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ሲመጣ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ በጸጥታና በእርጋታ እንዲሸከሙላችሁ ነው የምትፈልጉት ወይስ ጭፈራ ይጨመርበት? ምርጫው የቤተሰቡ ነው። በዚያው ዘገባ ላይ የቀረበች አንዲት ሴት እናቷን በጭፈራ ወደ ፈጣሪዋ ለመሸኘት እንደወሰነች ትናገራለች። ይህ ልጅ ለወላጁ የሚከፍለው የመጨረሻ ክብር ነው።

በ2020 መጀመሪያ ላይ ይኸው ምስል ሌላ መልክ ያዘ። መጀመሪያ አንድ ሰው ከጣሪያ ሲዘል ወይም ብስክሌቱን ወደ ግድግዳ ሲነዳ ይታያል። ልክ አደጋው ሊደርስ ሲል ምስሉ ይቆረጥና ጋናውያኑ ሣጥናቸውን ተሸክመው ብቅ ይላሉ። ከሥር የሚሰማው ሙዚቃ በፕራምፕራም የሚነፋው ጥሩምባና የሚመታው ከበሮ አይደለም። «አስትሮኖሚያ» የሚባል፣ ሩሲያዊው ቶኒ ኢጊ የደረሰውና ቫይስቶን የተባሉት ሁለት ሆላንዳውያን በ2014 እንደገና ያቀናበሩት የጭፈራ ቤት ዜማ ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ። በኮሎምቢያና በፔሩ ፖሊሶች ሣጥን ተሸክመው እየጨፈሩ ሕዝቡን ከቤት እንዳይወጣ አስጠነቀቁ። በጋና «እናቴን አከበርኳት» ይል የነበረው ጭፈራ በሌላው ዓለም «ሞት መጣብህ» ማለት ሆነ። ለዚህ ያስፈለገው የሙዚቃ ለውጥና አንድ ቁራጭ ቅንብር ብቻ ነበር።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን በብዙ ቦታ የጀግና ሰው ለቅሶ ላይ ፈረስ ሸልሞ ማቅረብ፣ ቀረርቶና ፉከራ ማሰማት፣ የሟቹን ልብስና መሣሪያ ይዞ መዞር የቆየ ልማድ ነው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው በዜማ ይቀበላታል። ይህን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በስልኩ ቀርጾ ድምፁን ቢያጠፋና የሠርግ ዘፈን ቢያስገባበት፣ ከማየት በቀር ሌላ መረጃ የሌለው ተመልካች ሠርግ ነው ቢል ልፈርድበት አልችልም። ዓይኑ አልተሳሳተም። ዓይን ያላየው ግን ብዙ ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ እድርተኛው ለምን እንደቆመ።

ስለዚህ በድንበርና በቋንቋ መካከል የሚዘዋወሩ ቪዲዮዎችን ስመለከት የምጠይቀው፣ ሰው ለምን ይሳሳታል የሚለውን አይደለም። ከአገር አገር ሲሻገር ቪዲዮው ላይ ምን ተነሣለት? ድምፁ? ጽሑፉ? ቀኑና ቦታው? መጨረሻው? ጉዳቱም ጥቅሙም የሚወሰነው የተነሣው ነገር ምን እንደሆነና አንሺው ማንሣቱን ለተመልካቹ በማሳወቁ ወይም በመደበቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ድምፅን መለወጥ ከሁሉ የቀለለ ነው። ቲክቶክ ገና ከአሠራሩ ድምፅንና ምስልን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ አንድ ጊዜ ጣት በመንካት የአንዱን ድምፅ ወስዶ የራስን ምስል ማልበስ ይቻላል። የደቡብ አፍሪካዊው ማስተር ኬጂና የድምፃዊቷ ኖምሴቦ ዚኮዴ «ጀሩሳሌማ» በ2019 መጨረሻ ሲወጣ በዙሉ ቋንቋ የተዘመረ ጸሎት ነበር፤ ከዚህ ምድር ወደ ሰማያዊት ከተማ መወሰድን የሚለምን። በየካቲት 2020 ፌኖሜኖስ ዶ ሴምባ የተባሉ የአንጎላ ተወዛዋዦች ምሳቸውን በሳሕን ይዘው እየበሉ በዚህ ዜማ ሲወዛወዙ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጡ። ቀጥሎ ዓለም ሁሉ እርምጃውን ተማረ። ነርሶች በሆስፒታል ኮሪደር፣ መነኮሳት በገዳም ግቢ፣ የስዊዘርላንድ ፖሊሶች፣ በእነሱም ተጋብዘው የአየርላንድ ፖሊሶች ጨፈሩ። ፕሬዝዳንት ሲሪል ራማፎዛ ደቡብ አፍሪካውያን በመስከረም 24 ቀን የቅርስ በዓላቸው ላይ እንዲጨፍሩት ጥሪ አቀረቡ። አብዛኛው ጨፋሪ የቃሉን ትርጉም አላወቀም። ሆኖም በዚያ ዓመት የሬሳ ማቆያው በሞላበት ሆስፒታል ውስጥ የደከመች ነርስ በጸሎት ዜማ ስትወዛወዝ ሳይ፣ ስህተት ነው ማለት ይከብደኛል። ቃሉ ባይደርሳትም ስሜቱ የደረሳት ይመስለኛል። በ2021 ግን ዋርነር የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በጀርመን የጨፈሩ ተቋማትን የፈቃድ ክፍያ ጠየቀ። ቪዲዮዎቹ ሲሠሩ የባለቤትነት ጥያቄን ያሰበበት ሰው ብዙ አልነበረም፤ ሂሳቡ የመጣው በኋላ ነው።

ስሜቱም ጭምር ሳይደርስ ለቀረበት ተቃራኒ ምሳሌው ከቻይና የመጣው ቪዲዮ ነው። አንድ መላጣ ሰው በረዶ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ካሜራውን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ከአንድ ዘፈን ሁለት ሐረግ ያንጎራጉራል። በ2020 የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች እንደ ቀልድ ተቀባበሉት። ዘፈኑ ግን የታይዋኑ ፌ ዩ ቺንግ በ1980ዎቹ ያወጣው፣ በቻይንኛ ተናጋሪው ዓለም ትልልቅ ሰዎች በቁም ነገር የሚዘፍኑት የፍቅር ዘፈን ነው።

የ«ሃርለም ሼክ» ነገር ደግሞ እኛንም ይነካናል። በየካቲት 2013 ዓለምን ያጥለቀለቀው የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ቅርጹ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ጭንብል አድርጎ ብቻውን ይወዛወዛል፤ ሌሎቹ ዞር ብለውም አያዩትም። ከዚያ ሙዚቃው ሲፈነዳ ቤቱ ሁሉ ይታመሳል። ከሥሩ የሚሰማው፣ ባወር የተባለው ሙዚቀኛ ያወጣው ዘፈን፣ የዩቲዩብ ተመልካች ቁጥር መታሰብ በጀመረበት ሳምንት በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የሃርለም ሰፈር ነዋሪዎች ግን ቪዲዮውን ሲያዩ ግር አላቸው፤ ተቆጡም። በኒው ዮርክ በሃርለም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታወቀው እውነተኛው ውዝዋዜ ትከሻ ላይ ያተኮረ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው ነውና። ትከሻ ከተባለ ደግሞ ሐበሻው ዝም አይልም። በየቪዲዮው ሥር እስክስታ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ አይጠፋም፤ ወሬው ተደጋግሞ በየድረ ገጹ እንደ ታሪክ እስከመጻፍ ደርሷል። መመሳሰሉን እኔም አያለሁ። መመሳሰል ግን ዝምድና አይደለም፤ ከጎንደር ወይም ከወሎ ተነሥቶ ሃርለም የደረሰ መንገድ አሳይቶኝ የሚያሳምነኝ ማስረጃ አላጋጠመኝም። የሃርለም ልጆች ውዝዋዜያችን ተወሰደ ሲሉ፣ እኛ የእኛ ነው ብለን ሁለተኛ እንዳንወስድባቸው እሰጋለሁ።

ያው ቪዲዮ ካይሮና ቱኒስ ሲደርስ ሌላ ትርጉም አገኘ። በግብፅ አራት ተማሪዎች ውስጥ ልብሳቸውን ብቻ ለብሰው መንገድ ላይ ስለጨፈሩ ታሠሩ። ከቀናት በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በሞቀጠም ተራራ ላይ ባለው፣ በወቅቱ ሥልጣን ላይ በነበሩት በሙስሊም ወንድማማቾች ዋና ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሃርለም ሼክ ጨፈሩ። በቱኒዝያ የትምህርት ሚኒስትሩ በአንድ ትምህርት ቤት የጨፈሩ ተማሪዎች ላይ ምርመራ እንዲደረግ አዘዙ፤ በዚህ ምክንያት በሌሎች ትምህርት ቤቶች ጭፈራው ባሰ። አሜሪካ ውስጥ ምንም ዓላማ ያልነበረው ነገር እዚያ የተቃውሞ ሰልፍ ሆነ። በስህተት አልነበረም፤ አውቀው ነው ያደረጉት። ይህን ዓይነቱን ከልቤ አደንቃለሁ።

ከድምፅ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጽሑፍ ነው፤ ከምስሉ ግርጌ የሚሄደው። የስፔኑ ቀልደኛ ሁዋን ሆያ ቦርሃ፣ በቅጽል ስሙ ኤል ሪሲታስ፣ ሄሱስ ኪንቴሮ ባዘጋጀው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ አንድ ታሪክ ተናገረ። የባሕር ዳር ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሳለ፣ ሃያ የሚያህሉ ትልልቅ መጥበሻዎችን እንዲነከሩ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ትቷቸው አደረ፤ ጠዋት ሲሄድ ሞገዱ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ወስዷቸዋል። ሲናገር ሳቁ ያሸንፈዋል፣ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ጥርስ የጎደለው አፉ ተከፍቶ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በ2014 በግብፅ የሙስሊም ወንድማማቾች ደጋፊዎች የዐረብኛ ጽሑፍ አስገቡበትና ሰውየው በግብፁ ጄኔራል አልሲሲ ላይ የሚሳለቅ ሆነ። በ2015 ደግሞ የአፕልን አዲስ ላፕቶፕ የሠራ መሐንዲስ ተብሎ ስለ ኮምፒውተሩ ጉድለት «ተናገረ»። ከዚያ ወዲህ ያልተናገረው የለም። ሰውየው ሚያዝያ 28 ቀን 2021 በሴቪያ ሲሞት፣ ስለ መጥበሻዎቹ የሚያውቅ ከስፔን ውጭ ጥቂት ነበር።

ይህ የጽሑፍ ጨዋታ ስድብ ሆኖ አይሰማኝም። ተመልካቹ ጽሑፉ ፈጠራ መሆኑን ያውቃል፤ ሳቁም የሚመጣው ከማወቁ ነው። በ2004 የወጣው «ዴር ኡንተርጋንግ» የተባለ የጀርመን ፊልም ላይም እንዲሁ ሆኗል፤ ብሩኖ ጋንዝ ሂትለርን ሆኖ ምሽጉ ውስጥ ሲቆጣ የሚያሳየው ትዕይንት ላይ ሰው ሁሉ የራሱን ብሶት ጽፎበታል። በእስራኤል አንድ ሰው ቴል አቪቭ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ማጣትን ጻፈበት፤ ብዙው ሳቀ፣ ከናዚዎች የአይሁድ እልቂት ተርፈው እዚያ የሚኖሩት አዛውንቶች ግን አዘኑ። አንድ ቀልድ አንድ አገር ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት አይሰማም። አምራች ኩባንያው በ2010 ቪዲዮዎቹን ከዩቲዩብ ማስወረድ ጀመረ፤ የፊልሙ አዘጋጅ ኦሊቨር ሂርሽቢገል ግን ብዙዎቹን እንደወደዳቸው ተናግሮ ነበር።

በ2007 አንድ አሜሪካዊ ታሚል በተባለው የህንድ ቋንቋ በተሠራ ፊልም ዘፈን ላይ የሠራው ግን ይህን ያህል ንጹሕ አይመስለኝም። ፕራቡ ዴቫ የሚወዛወዝበትን ዘፈን ቃላት፣ ለእንግሊዝኛ ጆሮ የሚመስሉትን እየመረጠ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ አስገባበት። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሳቀ። በልጅነታችን የህንድ ፊልም ዘፈኖችን በአማርኛ ቃል ተክተን ስንዘፍን እኛም ይህንኑ እናደርግ ነበር፤ ስለዚህ ሰውየው ላይ ድንጋይ አላነሣም። ልዩነቱ ግን አለ። እኛ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተን፣ ከተዋናይቷ ጋር አልቅሰን ነበር የምንዘፍነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የነበረው ክርክር ትዝ ይለኛል፤ ባህላችን ተወረረ ያሉ ነበሩ። ተርጓሚዎቹ ግን ቢያንስ ገጸ ባህሪው የሚለውን ለማድረስ ይደክሙ ነበር። በታሚሉ ዘፈን ላይ ማንም እንዲህ አልደከመም፤ የሌላው ቋንቋ የሳቅ ጩኸት ሆኖ ቀረ።

ድምፅ መደረብ ተደብቆ ሲሠራ ምን እንደሚያደርስ ያየነው በ2012 ነው። በካሊፎርኒያ አንድ ፊልም ተቀረጸ። ተዋናዮቹ ስለ ጥንት በረሃ ዘመን የሚያወሳ ታሪክ ነው ተብለው ነበር የተቀጠሩት። በኋላ ንግግራቸው ላይ ሌላ ቃል ተደረበና ነቢዩ ሙሐመድን የሚሰድብ ቪዲዮ ሆነ። በሐምሌ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ብዙም ሰው አላየውም፤ በመስከረም በዐረብኛ ተተርጉሞ የግብፅ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ ግን ከካይሮ እስከ ፓኪስታን ሁከት ተነሣ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ተዋናዮቹ የተደረበባቸውን ቃል የሰሙት ከዓለም ጋር እኩል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በምስሉ ላይ ምንም ያልተጨመረበት፣ የተቀነሰበት ብቻ ነው።

በካራቺ፣ ፓኪስታን፣ ልጆችን ከመጠለፍ ለመጠበቅ የሚሠራ ድርጅት አንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ አሠራ። ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ። ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው አንዱን ልጅ አንሥተው ይሄዳሉ። ከዚያ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ልጁን ያወርዱታል፤ አንደኛው በካራቺ መንገድ ልጅን ለመጥለፍ ምን ያህል ቅጽበት እንደሚበቃ የሚናገር ጽሑፍ ለካሜራው ያሳያል። በ2018 ይህ ቪዲዮ በዋትስአፕ ህንድ ገባ፤ መመለሱና ጽሑፉ ተቆርጠው። የቀረው ጠለፋው ብቻ ነው። በየክፍለ ሀገሩ በየቋንቋው የልጅ ሌቦች መጥተዋል፣ ተጠንቀቁ በሚል መልእክት ታጅቦ ተሰራጨ። በግንቦት፣ ቤንጋሉሩ ውስጥ ከራጃስታን ለሥራ የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ተደብድቦ ሞተ። ሐምሌ 1 ቀን በማሃራሽትራ ራይንፓዳ በምትባል መንደር ከቦታ ቦታ እየዞሩ የሚኖሩ አምስት ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በትሪፑራ የክልሉ መንግሥት ወሬው ውሸት መሆኑን በድምፅ ማጉያ እንዲያስታውቅ የላከው ሰው ራሱ ሌባ ተብሎ በድብደባ ሞቷል። ይህን ሰው ልረሳው አልችልም። እውነቱን ይዞ ነበር የሄደው፤ የተቆረጠው ቪዲዮ ግን ቀድሞት ደርሷል።

ዋትስአፕ በዚያው ዓመት ሐምሌ በህንድ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይላክ ገደበ፤ በጥር 2019 ገደቡን በዓለም ሁሉ አደረገው፤ በሚያዝያ 2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክትን ወደ አንድ ቦታ ብቻ አወረደው። እርምጃው ጥሩ ነው። ፍጥነቱን ቀንሷል፤ የተቆረጠውን መጨረሻ ግን አልመለሰም።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ቀኑና ቦታው ነው። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የተባሉት መረጃ አጣሪዎች ከሚያገኟቸው ነገሮች ተደጋጋሚው ይኸው ነው፤ ዛሬ እዚህ ሆነ የተባለው ምስል ከዓመታት በፊት ወይም በሌላ አገር የተቀረጸ ሆኖ ይገኛል። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት አንድ ቪዲዮ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ሦስት የተለያየ ጽሑፍ ተለጥፎበት ሊዞር ይችል ነበር፤ ገዳዩም ሟቹም በየጽሑፉ ይለዋወጣሉ። ዋሽንግተን ያለው ወንድም፣ ሪያድ ያለችው እህት፣ ቴል አቪቭ ያለው አጎት ቪዲዮውን የሚያገኙት በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ የላከላቸው የሚያምኑት ሰው ነውና ጽሑፉንም ያምኑታል። እናቱ ያለችበትን ከተማ ስም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያነበበ ሰው፣ ምስሉ ከየት ነው ብሎ እስኪጠይቅ ትዕግሥት ቢያጣ ምን ይገርማል? እኔ ራሴ ለመጠየቅ አቅም ያጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

መጠየቂያው መንገድ ከባድ አልነበረም። ቪዲዮውን አስቁሞ አንዱን ምስል መቅረጽና በምስል መፈለጊያ መፈለግ፤ የሱቅ ሰሌዳውን ፊደል፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የተራራውን ቅርጽ ማየት። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የታይ ፊደል ከሆነ መቀሌም ሻሸመኔም አይደለም። ለአረጋውያን ወላጆቻችን ይህን ማሳየት ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ፊደል የማያነቡትም ቢሆኑ የአገራቸውን ቤት አሠራርና የተራራ መልክ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ትርጉሙን አጥቶ ከዞረ ቪዲዮ ሁሉ ግን በአንዱ ላይ የሆነውን አይቼ ተደስቻለሁ። የሶቪየቱ ዘፋኝ ኤድዋርድ ሂል በ1976 በቴሌቪዥን የቀረበ አንድ ዘፈን ነበረው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል የሌለበት፣ ትሮ ሎ ሎ እያለ የሚፈስ። የደራሲው የአርካዲ ኦስትሮቭስኪ ዜማ መጀመሪያ ግጥም ነበረው፤ በአሜሪካ ሜዳ ፈረሱን እየጋለበ ስለሚሄድ ካውቦይና ሩቅ ሆና ስለምትጠብቀው ሜሪ። ያ ግጥም በዚያን ጊዜው ሶቪየት ኅብረት ሊያልፍ ስለማይችል ቃሉ ቀርቶ ዜማው ብቻ ተዘፈነ። እንግዲህ ይህ ቪዲዮ ትርጉሙን ያጣው ከአገሩ ሳይወጣ ነው። በ2010 ዓለም አገኘውና ሳቀበት፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሂል ስለዚህ ያወቀው የልጅ ልጁ ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉረው ሰምቶ ነው። ሽማግሌው አልተቆጣም። ካሜራ ፊት ቀርቦ በየአገሩ ያሉት ሰዎች ለዜማው ግጥም እንዲጽፉለትና አብረው እንዲዘፍኑት ጠየቀ። በሰኔ 2012 ሞተ።